ፖሊሽ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም

ካፋ ዝናብ የማይለየው ምድር ነው። በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርድበታል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበውን ደን ያቆመው፣ ቡናውንም ኮረሪማውንም ያበቀለው ይኸው እርጥበት ነው። ለመኪና ቀለም ቀቢ ግን በረከቱ ፈተና ይሆንበታል። በደረቅ አገር የተለመደው አሠራር በካፋዋ ቢታ ገነት ላይ እንዳለ ሲደገም ቀለሙ ይፈዛል፣ ይነጣል፣ ጥቃቅን አረፋ ያወጣል። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት በሙያው ሁለት ጫፍ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ በባትላሜራና በቀለም ሥራ የሸበተ ባለሙያ፣ ሌላዋ በቢታ ገነት የራሷን ሥራ የጀመረች ወጣት። ጨዋታቸው የተነሣው ከአንድ ብርማ ሃይሉክስ በር ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ይህን በር ይዩልኝማ። ቀለሙ ተመሳስሏል፤ ፊቱ ግን የብርቱካን ልጣጭ መስሏል። ባለቤቱ ነገ ገበያ ሊወጣበት ይፈልጋል። ዛሬውኑ በውኃ ወረቀት ፍቄ ፖሊሽ ባደርገው ይስተካከላል አይደል?

ባለሙያው፦ ለዛሬ ይስተካከላል። ስንት እጅ ክሊር ሰጠሽው?

ወጣቷ፦ ሁለት እጅ።

ባለሙያው፦ ሁለት እጅ ክሊር በደንብ ቢረጭ፣ ሲደርቅ ከ40 እስከ 60 ማይክሮን ቢሆን ነው። ከሰው ጠጉር የሳሳ ማለት ነው። በ1500 ወረቀት ፍቀሽ፣ በ2000 እና በ3000 አለስልሰሽ፣ በመጨረሻ በፖሊሽ ፓስታ ስትወለውዪው ከ10 ማይክሮን በላይ ሊሄድ ይችላል። ከሥሩ ያለውን ቀለም፣ ቤዙን፣ ከፀሐይ የሚከላከለው ንጥረ ነገር ያለው ክሊሩ ውስጥ ነው፤ ክሊሩ በሳሳ ቁጥር መከላከያውም ይሳሳል። ኮፈናቸው ነጭ ነጭ እያለ የሚላጥ መኪኖችን ታውቂያለሽ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ እንዲህ ያለ ፍቂያ ነው።

ወጣቷ፦ ታዲያ ፖሊሽ አይሠራ ነው የሚሉኝ? አዲስ አበባ በተለማማጅነት ስሠራ ፖሊሽ ሳይደረግ ከጋራዥ የወጣ መኪና አላየሁም። ደንበኛም ብሎ ብሎ የሚጠይቀው ማብረቅረቁን ነው።

ባለሙያው፦ አይሠራ አላልኩም። ፖሊሽ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም ነው የምልሽ። ጥቂት አቧራ የገባበትን፣ ትንሽ የሻከረውን ያድነዋል። መርጫው ያበላሸውን ሁሉ በማሽን እመልሳለሁ ካልሽ ግን ዋጋው የሚከፈለው ከመኪናው ዕድሜ ነው። ይህ መኪና ደግሞ ቶሎ የሚጣል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በእጅ ያለው መኪና እየታደሰ ገና ብዙ ዓመት ይነዳል። አንቺ ዛሬ የፈቅሽውን በር ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ቀቢ ሊወለውለው ይመጣል። ያ ሰው የሚወለውለው ክሊር ሊያገኝ ይገባል።

ወጣቷ፦ እሺ፣ ከመርጫው እንጀምር። ልጣጩ ከየት መጣ? ግፊቱን 3 ባር ላይ ነበር ያደረግኩት።

ባለሙያው፦ 3 ያለሽ የቱ ሜትር ነው?

ወጣቷ፦ ኮምፕሬሰሩ ላይ ያለው።

ባለሙያው፦ እዚያ ያለው ግፊት መርጫው ጋ አይደርስም። ቱቦሽ 10 ሜትር ነው፤ የውስጡ ስፋት ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር። አየር በጠባብ ቱቦ ሲሮጥ ግፊቱን መንገድ ላይ ያራግፋል። ትንሿን ሜትር መርጫው እጀታ ሥር አስገቢያት። አሁን ምላጩን ሙሉ በሙሉ ሳቢና አየሩ እየወጣ አንብቢው። ምላጩ ሳይሳብ የሚታየው ቁጥር የቆመ አየር ግፊት ስለሆነ አትመኚው። ስንት አለ?

ወጣቷ፦ 1.2 ባር። አሁን ደግሞ ወደ 1 እየወረደ ነው!

ባለሙያው፦ ልጣጩ የመጣው ከዚህ ነው። እንዳንቺው ያለ ኤችቪኤልፒ፣ ማለትም ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት የሚረጭ፣ መርጫ መግቢያው ላይ 2 ባር ገደማ ይፈልጋል፤ ትክክለኛው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እጀታው ላይ ተቀርጿል። ግፊቱ ሲያንስ ክሊሩ በደንብ አይበተንም። ጠብታው እንደ ተለቀ ያርፋል፣ ከጎረቤቱ ጋር ሳይቀላቀልና ሳይዘረጋ ይጠነክራል።

ወጣቷ፦ እየረጨሁ ግፊቱ የሚወርደውስ? ኮምፕሬሰሩ አዲስ ነው።

ባለሙያው፦ ታንኩ 50 ሊትር ነው፤ መርጫው ደግሞ በደቂቃ 300 ሊትር ያህል አየር ይጠጣል። ከፍታውንም አትርሺ። ኮምፕሬሰሩ ላይ የተጻፈው የአየር መጠን ለባሕር ጠለል የተለካ ነው። ቦንጋን ብትወስጂ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ሞተሩ ያንኑ ያህል ቢዞርም ታንክ ውስጥ የሚከተው አየር የሳሳ ነው። ስለዚህ በጎተራሽ ልክ ሥሪ። ቱቦውን ውስጡ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር በሆነ ለውጪው። አንድ በር ረጭተሽ ታንኩ እስኪሞላ ጠብቂ። ኮፈንና ጣሪያ በአንድ ጊዜ ለመርጨት ከተነሣሽ ግን ሁለተኛ ታንክ አብሮ መያያዝ አለበት።

ወጣቷ፦ ከግፊቱ በላይ የሚያስለቅሰኝ ውኃው ነው። ማጣሪያ አለኝ፤ አሁንም ግን ከመርጫው ጠብ ይላል።

ባለሙያው፦ እስቲ አብረን እናስላ። ዛሬ 18 ዲግሪ ነው እንበል፤ የአየሩ እርጥበት 85 በመቶ። በእንዲህ ያለ ቀን አንድ ሜትር ኩብ አየር 13 ግራም ያህል ውኃ ይዟል። መርጫሽ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢተፋ 18 ሜትር ኩብ አየር ይጨርሳል። ስንት ውኃ ገባ ማለት ነው?

ወጣቷ፦ ከ230 ግራም በላይ። ሩብ ሊትር ሊሆን ነው!

ባለሙያው፦ አየሩ ሲታመቅና ሲቀዘቅዝ አብዛኛው ወደ ፈሳሽ ይለወጣል። ኮምፕሬሰሩ ሥር የተሰካው ማጣሪያ የማይዘው አየሩ እዚያ ገና ትኩስ ስለሆነ ነው፤ ውኃው ተን ሆኖ ያልፈውና ቱቦው ውስጥ ሲበርድ ይጠራቀማል። ስለዚህ አየሩ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። ከኮምፕሬሰሩ ተነሥቶ ግድግዳ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የብረት ቧንቧ ዘርጊ፤ ዝቅ ባለው ጫፍ ሁሉ የውኃ መልቀቂያ ቧንቧ ይኑረው። ማጣሪያውን ከዚያ በኋላ፣ መርጫው ወዳለበት ጫፍ ስቀዪው። የታንኩን ውኃ ደግሞ ጠዋትና ማታ ልቀቂ።

ወጣቷ፦ አየሩን አደረቅኩት እንበል። ጠዋት በማለዳ የረጨሁት ቀለም ለምን ይፈዛል? ጠዋት አቧራ የለም ብዬ ነው የምመርጠው።

ባለሙያው፦ ሌሊቱን የቀዘቀዘው ብረት ከአየሩ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው። ባሰላነው ቀን፣ በ18 ዲግሪና በ85 በመቶ እርጥበት፣ ብረቱ ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ከወረደ ጤዛ ይይዛል። ለዓይን የማይታይ ጤዛ ሁሉ ይበቃል። ቲነሩ ሲተን ደግሞ ገጽታውን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል፤ ፈጣን ቲነር ከሆነ ይብሳል። ኒትሮ ቀለም የሚነጣው በዚህ ነው። ማድረቂያ የሚቀላቀልበት ክሊር ደግሞ ውኃ ሲያገኝ ማድረቂያው ከውኃው ጋር ተዋህዶ ጋዝ ያወጣል፤ ጥቃቅን አረፋው የእሱ ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ ብረቱ ጤዛ ከሚይዝበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ይሙቅ። በክረምት ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት አትርጪ፤ ዘገምተኛ ቲነር ተጠቀሚ። አቧራ እንዳይነሣ ወለሉን ውኃ መርጨትም የበጋ ዘዴ ነው፤ በክረምት እርጥበቱን በገዛ እጅሽ መጨመር ይሆንብሻል።

ወጣቷ፦ በክረምት ሥራ ልተው ነዋ!

ባለሙያው፦ ባትላሜራውን፣ ስቱኮውን፣ ፍቂያውን ክረምቱን ሙሉ መሥራት ትችያለሽ። ክሊሩን ግን ቀን ምረጪለት። የካፋ ሰው እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባው ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ ነው፤ ያ ደግሞ ከበጋው ጋር ይገጥማል። ትልልቁን ሥራ ለዚያ ጊዜ መቅጠር ለደንበኛውም ለቀለሙም ይስማማል።

ወጣቷ፦ አሁን መርጫውን ያስተካክሉልኝ። ሦስቱን ቡሎኖች በግምት ነው የማዞራቸው።

ባለሙያው፦ አንቺው ታስተካክዪዋለሽ፣ እኔ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን መርጫው ምን እንደሆነ ልብ በዪ። ዴቪልቢስ የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ለጉሮሮ መድኃኒት መርጫ ሠሩ፤ ልጃቸው በ1907 እ.ኤ.አ. ያንኑ አሠራር ለቀለም አዋለው። ሥራው ያኔም ዛሬም አንድ ነው፤ ፈሳሽን በአየር እኩል አድርጎ ማድቀቅ። ሦስቱ ማስተካከያዎች አየሩን፣ ፈሳሹንና የሚረጨውን ስፋት ይቆጣጠራሉ። በሩን ተዪውና ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፊ።

ወጣቷ፦ ለጠፍኩ።

ባለሙያው፦ ስፋቱን ሙሉ ክፈቺ። ከወረቀቱ አንድ ስንዝር ያህል፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ራቂ። ሳታንቀሳቅሺው ምላጩን ስበሽ ወዲያው ልቀቂ። ምን ታያለሽ?

ወጣቷ፦ ረጅም ሞላላ። መሐሉ ግን ወፍራም ነው፣ ጫፎቹ ላይ ጠብታው ትልልቅ ነው።

ባለሙያው፦ መሐሉ ከወፈረ አየሩ አንሷል፣ ወይ ቀለሙ ወፍሯል፣ ወይ ፈሳሹ በዝቷል። መሐሉ ሳስቶ ሁለት ጫፉ ቢወፍር ኖሮ ተቃራኒው ነበር፤ አየሩ በዝቷል ወይ ፈሳሹ አንሷል ማለት ነው። አሁን ቱቦውን ቀይረሽ 2 ባር አድርጊውና ድገሚ።

ወጣቷ፦ ተሻለ። ጠብታው ደቀቀ። ግን አሁን ወደ አንድ ጎን ጎብጧል።

ባለሙያው፦ ጥሩ ጥፋት አገኘሽ። የአየር ቆቡን ግማሽ ዙር አዙሪና እንደገና ሞክሪ። ጉብጠቱ ቦታ ከቀየረ ቆሻሻው ቆቡ ላይ ነው። ባለበት ከቀረ ያለው ኖዝሉ ላይ ነው።

ወጣቷ፦ ወደ ሌላው ጎን ዞረ።

ባለሙያው፦ እንግዲያው ከቆቡ ቀንዶች በአንዱ ያለችው ቀዳዳ ተደፍናለች። ቆቡን ፍቺና ቲነር ውስጥ ዘፍዝፊው፤ ከዚያ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጥረጊው። ሽቦም ምስማርም እንዳትነኪ። ቀዳዳዋ ትንሽ እንኳ ከተጫረች መርጫው ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ አይረጭም።

ወጣቷ፦ ጸዳ፤ ሞላላው አሁን እኩል ነው።

ባለሙያው፦ የመጨረሻውን ፈተና ስጪው። ቆቡን አዙረሽ ሞላላውን አግድም አድርጊና ምላጩን ክሊሩ ቁልቁል እስኪፈስ ድረስ ያዢው። ከዳር እስከ ዳር የሚወርዱት ፈሳሾች ርዝመታቸው እኩል ከሆነ መርጫሽ ዝግጁ ነው።

ወጣቷ፦ ቀጭኑንና ወፍራሙን ቀለም እንዴት ልለይ? እኔ በማማሰያው ሲንጠባጠብ ዓይቼ ነው።

ባለሙያው፦ ታችዋ ቀዳዳ ያላት መለኪያ ኩባያ አለች። ሞልተሽ ፈሳሹ እስኪቆረጥ ሰኮንድ ቁጠሪ፤ ለክሊር በ4 ሚሊ ሜትሯ ኩባያ ከ16 እስከ 20 ሰኮንድ የተለመደ ነው። የአምራቹ ወረቀት ካለ እሱን ተከተዪ። ሲበርድ ቀለም ስለሚወፍር ጠዋት የለካሽው ቁጥር ለከሰዓት አይሆንም። ኖዝሉም ለክሊር 1.3 ወይም 1.4፣ ለፕራይመር እስከ 1.8 ነው። አንቺ በአንድ ኖዝል ሁሉንም ትረጫለሽ አይደል?

ወጣቷ፦ አዎ፣ በ1.7።

ባለሙያው፦ ለክሊሩ ትልቅ ነው። አሁን እጅሽን ልይ። እንቅስቃሴው ከትከሻሽ ይምጣ። አንጓሽን እንደ ቅስት ካዞርሽው መሐሉ ይወፍራል፣ ዳርና ዳሩ ደረቅ ይሆናል። ምላጩን ከበሩ ዳር ትንሽ ቀደም ብለሽ ሳቢ፣ ካለፍሽ በኋላ ልቀቂ። እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሹን ይሸፍን። የመጀመሪያው እጅ መካከለኛ ይሁን፤ በጣት ጫፍ መሸፈኛ ወረቀቱ ላይ ያረፈውን ክሊር ስትነኪ ሲያጣብቅ ነገር ግን ጣትሽ ላይ ሳይቀር ሁለተኛውን በሙሉ እርጥበቱ ስጪ።

ወጣቷ፦ አንድ ነገር ግን ልከራከርዎት። ሁሉንም እንዳሉኝ ባደርግ እንኳ የምሠራው በቆርቆሮ ቤት ነው። በበጋ ቀዩ አፈር ሲቦን ነፍሳቱም አቧራውም ክሊሩ ላይ ያርፋል። የአዲስ አበባው ባለ ቀለም ቤት ያለ ፖሊሽ ሊያስረክብ ይችል ይሆናል፤ እኔ አልችልም። ለእኔ ፖሊሽ ቅንጦት አይደለም።

ባለሙያው፦ እውነትሽን ነው። መወልወልሽ እዚህ የማይቀር ከሆነ ከመጀመሪያው አስበሽ ርጪ። ሦስተኛ እጅ ክሊር ጨምሪ። ያ ተጨማሪ እጅ ለፖሊሹ የተቀመጠ ነው፤ ስትፍቂ የምትወስጂው ከእሱ ይሆናል፣ የመኪናው ድርሻ አይነካም። አንቺ ባልሽው ላይ እኔ የምጨምረው ይህን ብቻ ነው፤ ስንት እንደምትቀንሺ ሳታውቂ አትርጪ።

ወጣቷ፦ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አወላወሉንስ ያሳዩኝ።

ባለሙያው፦ መጀመሪያ ይድረቅ። 20 ዲግሪ ላይ በ24 ሰዓት የሚደርቅ ክሊር በእኛ ብርድ ሁለት ሦስት ቀን ሊፈልግ ይችላል። ጥፍርሽን በማይታይ ጥግ ጫን አድርጊ፤ ምልክት ከተወ ገና ነው። ውስጡ ሳይደርቅ የተወለወለ ክሊር በሳምንቱ ይፈዛል። ከዚያ አቧራ ብቻ ከሆነ ያለው፣ ነጥቡን ብቻ በትንሽ ቁራጭ ወረቀት ንኪው፤ በሩን በሙሉ አትፍቂ። መላው ከሻከረ 1500 ወረቀት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ፣ ጥቂት ሳሙና ጠብ አድርገሽ፣ በለስላሳ ጎማ ላይ ጠቅልለሽ ፍቂ። በባዶ ጣት ከፈቅሽ የጣትሽ ቦይ ይቀራል። ከዚያ ውኃውን ጠራርገሽ እዪው። የተፋቀው ደብዛዛ ነው፤ በመሐሉ የሚያብረቀርቁት ነጠብጣቦች ዝቅ ያሉት ቦታዎች ናቸው።

ወጣቷ፦ እነሱን ሁሉ እስካጠፋ ነው የምፍቀው።

ባለሙያው፦ ክሊር የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው! ጥቂት ይቅሩ፤ ለዓይን አይታዩም። በ2000፣ ከዚያ በ3000 አቅጣጫ እየቀየርሽ አለስልሺው። አሁን ማሽኑ። ከፍ ያለ ማዕዘን፣ የበር ዳርና የኮፈን ሸንተረር ላይ ቴፕ ለጥፊ፤ ክሊር ከሁሉም ቦታ የሚሳሳው እዚያ ነው፣ ማሽኑም የሚያቃጥለው እዚያ ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ቦታ ብቻ ያዢ። ፓስታውን በዝግታ ቀቢው፣ ከዚያ ከ1000 እስከ 1500 ዙር በደቂቃ አሂጂው። ስፖንጁ ተኝቶ ይዙር፣ አንድ ቦታ አይቁም። በየጊዜው በእጅሽ ጀርባ ንኪው፤ ሞቅ ካለ ደግ ነው፣ ካቃጠለሽ ግን አቁሚ። የበግ ጠጉሩ ብዙ ይቆርጣል፣ ስፖንጁ ጥቂት። በስፖንጅ የሚወጣውን በጠጉር አትጀምሪ። በቀጥታ ፀሐይ ሥርም አትወልውዪ፤ ፓስታው ሳይሠራ ይደርቃል።

ወጣቷ፦ ጥሩ መውጣቱን በምን ላረጋግጥ? ስጨርስ ሁልጊዜ ያምራል፤ ከታጠበ በኋላ ነው ክብ ክብ ጭረቱ የሚወጣው።

ባለሙያው፦ ፓስታው ውስጥ ያለው ቅባት ጭረቱን ሸፍኖልሽ ነው። በአልኮል የራሰ ጨርቅ ጥረጊው፣ ከዚያ መብራት በጎን ያዢበት። ከዚያ በኋላ የሚታየው ነው የእጅሽ ሥራ። ደንበኛውን ከመጥራትሽ በፊት አንቺ እዪው።

ወጣቷ፦ እስካሁን ስለ ቀለሙ ነው የነገሩኝ። ስረጭ ደረቴን የሚይዘኝስ?

ባለሙያው፦ ከሁሉ አስቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር። የክሊሩ ማድረቂያ ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ቀቢዎችን አስም የሚያሲዝ ነው፤ ሰውነት አንዴ ከተቆጣበት በኋላ ጥቂቱ እንኳ ይበቃዋል። ያሰርሽው የጨርቅ ጭንብል ብናኙን ትንሽ ይይዝ ይሆናል፣ ጋዙን ግን አያስቆመውም። የሚሻለው ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ጭንብል ነው። እሱ ካልተገኘ ባለ ካርትሪጅ ጭንብል፣ ካርትሪጁ ጊዜው ሳያልፍ እየተቀየረ፤ ከእጅ ጓንትና ከመነጽር ጋር። ልጆች ከግቢ ይውጡ። ደረትሽን እየያዘሽ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ሳያይሽ ሁለተኛ ክሊር አትርጪ። በሩ ሌላ ቀን ይደርሳል።

ወጣቷ፦ ጤና ጣቢያ ሳልሄድ አልነካውም። በሩንስ ምን ላድርገው?

ባለሙያው፦ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለው፤ ልጣጩም ጥልቅ ነው። ፍቀሽ ብታበሪው የሚቀረው ክሊር ትንሽ ነው። በደንብ ሲደርቅ በ1000 ውኃ ወረቀት አደብዝዢው፣ ቅባቱን በማጽጃ በሁለት ጨርቅ ጥረጊ፤ በአንዱ አርጥበሽ፣ በሌላው ሳይደርቅ አንሥተሽ። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ እንዳትነኪው፤ የምግብም የጠጉር ቅቤም ካረፈበት ክሊሩ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል። ከሐኪም በኋላ፣ ብረቱ በሞቀ ሰዓት፣ በ1.3 ኖዝልና በ2 ባር ሁለት እጅ ስጪው።

ወጣቷ፦ ለባለቤቱ ነገ አይደርስም ልበለው ማለት ነው። ተጨማሪ ክሊርም ከኪሴ ነው።

ባለሙያው፦ ከኪስሽ ነው። የሚቀጥለውን ሥራ ስትዋዋዪ ግን ሦስተኛውን እጅና ክሊሩ የሚደርቅበትን ቀን ከዋጋው ውስጥ አስገቢ፤ ቀኑንም በገበያ ቀን ሳይሆን በአየሩ ቁረጪ። አንድ ደብተር ያዢ። የቀለሙን ዓይነት፣ ስንት እጅ ክሊር እንደተሰጠ፣ የት የት እንደተወለወለ ጽፈሽ ቅጂውን ለባለቤቱ ስጪው። ሐኪም ያለ ካርድ አያክምም፤ መኪናውን ከአንቺ በኋላ የሚይዘው ቀቢም ምን እንደቀረለት ማወቅ አለበት።

ወጣቷ፦ እንግዲያው የዚህን በር ገጽ ዛሬ እጀምራለሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ "ሁለት እጅ ክሊር፣ ግፊት 1.2፣ አልተወለወለም" ብዬ እጽፋለሁ፤ ለባለቤቱም አሁኑኑ ደውዬ እውነቱን እነግረዋለሁ።